ጥቆማ፦ የፋንታሲ ስሞችን አጠራር ከየት ልስማ?

የካ አባዶ ነው የምኖረው። ማታ ማታ ለእህቴ ልጆች የፋንታሲ መጽሐፍ እየተረጎምኩ አነብላቸዋለሁ። ስም ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ትልቋ ፊልሙን ስላየች «አክስቴ፣ እንደዛ አይባልም!» ትለኛለች። ምን ትጠቁሙኛላችሁ?

መልስ፦
እኔ ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ የሞከርኩትን ልንገርሽ። መጀመሪያ ሰፈር ካለ ፊልም ቤት የአማርኛ ትርጉሙን ፍላሽ ላይ አስጫንኩ። ለሳቅ አሪፍ ነው፤ ለስም ግን አትመኚው። ተራኪው አንዱን ሰውዬ በሦስት ስም ጠራው።

ስልክ ላይ ጽሑፍ የሚያነበው ድምፅ ነፃ ነው፣ ግን ይገምታል። ዝለይው።

ኦዲዮ ቡክ ይሻላል። ቢሮ ዋይፋይ ላይ አውርጄ ኮዬ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ እሰማለሁ። የመንገዱ ርዝመት ለአንዴ እንኳ ጠቀመኝ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ደራሲው ራሱ የጻፈው ነው። የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሦስተኛ ቅጽ (1955 እ.ኤ.አ.) መጨረሻው ላይ የአጠራር መመሪያ አለው፤ አባሪ ኢ ይባላል። ኤልፍ በሚባሉት የታሪኩ ፍጡራን ስሞች ውስጥ «ሲ» የምትባለዋ ፊደል ሁሌ «ክ» ናት፤ ስለዚህ ሴሌቦርን ሳይሆን ኬሌቦርን። ሶሮን ሳይሆን ሳውሮን። «ር» የትም ብትገባ ምላስ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ እንግሊዞቹ ይቸገሩበት፣ እኛማ ድሮም እንደዛው ነን። ሁለቴ የተጻፈ ተነባቢ ደግሞ ይጠብቃል። በዓሉን ገና እና «ገና ነው» የምንለውን ገና ለሚለይ ሰው ይህ ምን ይከብዳል? ኤሌሳር ሲባል «ሳ» ጠበቅ ትላለች። በተለመደው አጻጻፋችን መጥበቅ ስለማይታይ እኔ በእርሳስ ከላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ስትገዢ ግን መጨረሻውን ገልጠሽ እዪ፤ አባሪዎቹ የተቀነሱባቸው እትሞች አሉ።

ሃሪ ፖተር ከሆነ የምታነቢው፣ አራተኛው መጽሐፍ (2000 እ.ኤ.አ.) ውስጥ የሃሪ ጓደኛ የሆነችው ልጅ (Hermione) ራሷ ስሟን ለቡልጋሪያዊው ተማሪ ታስተምረዋለች፦ ኸር-ማይ-ኦ-ኒ። እኔ ለዓመታት «ሄርሚዮን» ስል ነበር፣ ማንም አላረመኝም። የክፉው ጠንቋይ ስም፣ ቮልደሞርት የሚለው ላይ ደግሞ የመጨረሻዋ «ት» አትሰማም፤ ደራሲዋ ራሷ 2015 እ.ኤ.አ. ላይ ተናግራለች። ፊልሙ ነው የሚያሰማት። ትልቋ ስታርምሽ ይቺን ምዘዢባት።

ከጠያቂዋ፦
ተባረኪ። ትናንት ማታ «ቮልደሞር» አልኳት። «አክስቴ፣ ‹ት›ዋን ረሳሻት» አለችኝ።