እህቴ እስራኤል ውስጥ በዘረኝነት ተማርራለች፤ ከጎንደር ሆኜ ምን ልበላት?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። እህቴ እስራኤል አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። ማታ ማታ ትደውልልኛለች። ሰሞኑን አንዷ አሮጊት "ይቺ ጥቁር አትንካኝ" ብላ እጇን መታቻት፤ ኃላፊዋ ደግሞ "አርጅታለች እኮ፣ እለፊያት" ብላ ሌላ ክፍል መደበቻት። አውቶቡስ ላይ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ እያለ ሰው ቆሞ ይሄዳል። እንቅልፍ የላትም፣ ራሷን ያማታል፣ ሥራ ልትወጣ ስትል ሆዷን ይቆርጣታል። "ተይው፣ ናቂያቸው" ስላት ዝም ትላለች። ሌላ ምን ይባላል?

የፒያሳው፦
ልክ ነህ ወንድሜ። የሰው አፍ ሁሉ ከተሰማማ ማበድ ነው። ጸሎቷን አታቋርጥ።

ነርሷ፦
ጸሎቱ ደግ ነው፣ "ናቂያቸው" የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ሰው ሲሰድበን ሰውነታችን አደጋ እንደመጣ ቆጥሮ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃል፤ ችግሩ ስድቡ ካለፈም በኋላ "ዛሬ ደግሞ ማን ምን ይለኝ ይሆን" እያለ ነቅቶ መጠበቁ ነው፣ እንቅልፍ የሚነሳውም ደም ግፊት ሊያመጣ የሚችለውም እሱ ነው። ዴቪድ ዊሊያምስ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጠይቅ አለ። የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን የየዕለቱን ነገር ነው፦ ሱቅ ውስጥ መናቅ፣ እንደ ደደብ መቆጠር፣ መፈራት። ስለዚህ ጉዳዩን እንደ ቀላል አትየው። ግፊቷን ትለካ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ትቀንስ፣ ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ ቤት ከመግባት ትንሽ በእግሯ ትሂድ። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከዘለቀ ሐኪም ጋ ትሂድ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከወለቃ፦
እስራኤል ድረስ ምን አስኬደን፣ እዚሁ ጎንደርስ? አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጀበናዋን ተከራክረው ገዝተው ይሄዳሉ፣ ቡናዋን ግን አይቀምሱም፤ "ቡዳ ናት" ነዋ! በ1984 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል የወጡት፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤሎች ብዙዎቹ እዚህ "ፈላሻ" ሲባሉ የኖሩ ናቸው። እዚያ ደግሞ ጥቁር ተባሉ። ለማንኛውም እኛ ቤት የሚያናድደው ስድቡ ብቻ አልነበረም፣ "አንቺ ነሽ የምታካብጂው" የሚለው ዘመድ ነው። መጀመሪያ "እውነትሽን ነው" በላት። ቀጥለህ "ላዳምጥሽ ወይስ መላ እንፈልግ?" ብለህ ጠይቃት። ደግሞ ስልኩ ሁሉ ስለዚህ አይሁን፣ የሰፈር ወሬም ንገራት፣ ትሳቅ።

አሽዶድ ነኝ፦
እህትህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃልና ማን እንደነበረ በዚያው ምሽት ትጻፍ። ለኃላፊዋም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ታመልክት። "ጠበቃ" የሚባል ለእኛ ማኅበረሰብ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት አለ፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ። ፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥም የዘረኝነት አቤቱታ የሚቀበል ክፍል አለ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ፖሊሶች ወታደር ልጃችንን ሲደበድቡ በቪዲዮ ታይቶ አደባባይ ከወጣን በኋላ ነው የመጣው። ግን እያንዳንዱን ነገር ልክሰስ ካለች ታልቃለች። የአውቶቡሱን ትተወው፣ የሥራ ቦታውን ትያዝ።

የአዘዞ ልጅ፦
አቤት ብላ ከሥራ ቢያባርሯትስ?

አሽዶድ ነኝ፦
በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የእስራኤል የሥራ እኩልነት ሕግ አቤት ያለን ሠራተኛ መበቀል ይከለክላል። ያም ሆኖ የሚያስፈራ ነገር ነው፣ አልዋሽህም። ደብዳቤውን ከመስጠቷ በፊት ለሕግ ሰው ታሳየው፣ ቅጂውንም ቤቷ ታስቀምጥ።