የልጄ ፔኒሲሊን ውኃ ውስጥ አልሟሟም፤ ተበላሽቶ ይሆን?

የቀለም ክፍሉ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ11 ዓመት ልጅ አለችኝ። የቶንሲል ሕመም ልቧን ጎድቶት በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ትወጋለች። እስከ ዛሬ የምትወስዳት እናቷ ነበረች፤ አሁን አራስ ስለሆነች ትናንት እኔ ወሰድኋት። ነርሷ ዱቄቱ ላይ ውኃ ጨምራ ብልቃጡን በመዳፎቿ መካከል አሽከረከረችው። እንደ ወተት ነጣ እንጂ አልሟሟም፤ ወደ መስኮቱ አዙሬ ሳየው ነጫጭ ደቃቅ ነገር ይዋኝበታል። ባለፈው ክረምት አባቴ ደሴ ታሞ ተኝቶ ሳለ የተሰጠው ፔኒሲሊን እኮ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር! ብጠይቅ «ሁልጊዜም እንዲህ ነው» ከማለት በቀር ያስረዳኝ የለም።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ክፍል 14 ዓመት ሠርቻለሁ። በደንብ ያልሟሟ ቀለም ጨርቁን ነጠብጣብ ያደርገዋል። ያልሟሟ ነገር በልጄ ገላ ሲገባ ቆሜ ማየት አልቻልሁምና ሳትወጋ ይዣት ተመለስሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አጥፍቻለሁ?

ፋርማሲስቷ (ደሴ)

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት፦ ነገ በጠዋት ይውሰዷት። ቀጠሮው አለፈ ብለው ወር አይጠብቁ። እዚያ ካለቀባቸው ወደ ደሴ ይዘዋት ይውጡ። መድኃኒቱ አልተበላሸም፤ መሆን ያለበት እንዲያ ነው።

ምክንያቱን እንዲህ ይዩት። ፔኒሲሊን አሲድ ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ ጨው ይሆናል። በኬሚስትሪ ጨው ማለት የወጥ ጨው ብቻ አይደለም። ጠመኔም ጨው ነው፤ ውኃ ውስጥ ግን አይሟሟም። ለአባትዎ የተሰጣቸው የሶዲየም ወይም የፖታሲየም ጨው ነው። እነዚህን ውኃ ወዲያው ይከባቸዋል፣ ከፔኒሲሊኑ ያላቅቃቸዋል፣ ዱቄቱም ዓይንዎ እያየ ይጠፋል። ለልጅዎ የታዘዘው የቤንዛቲን ጨው ነው። ቤንዛቲን ትልቅ ሞለኪውል ነው፤ ውኃን እንደ ቅባት ይሸሻል፣ አንዱም ሁለት ፔኒሲሊን ይይዛል። ፔኒሲሊኑ ያው ነው፤ የተለየው አብሮት የተጣመረው ነው።

የማይሟሟው ለምን ተፈለገ? ፔኒሲሊን ሰውነት ውስጥ አይቆይም፤ ኩላሊት በፍጥነት ያስወጣዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ኦክስፎርድ ላይ መድኃኒቱ የተሞከረበት ፖሊስ፣ ፔኒሲሊኑ እጅግ ጥቂት ስለነበር ከሽንቱ እየተለቀመ መልሶ ይሰጠው ነበር። መሻሻል ከጀመረ በኋላ መድኃኒቱ አለቀና ሞተ። ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር አዝናለሁ። ዛሬም የሚሟሟው ዓይነት በየ4 ወይም በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል። የፕሮኬይን ጨው አንድ ቀን ያህል ይቆያል። ቤንዛቲኑ ግን ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ 3 እና 4 ሳምንት ልጅዎን ይጠብቃታል። በመስኮቱ ብርሃን ያዩት ደቃቅ ነገር የወር ስንቋ ነው። በአንድ ቀን ቢሟሟ ኖሮ የቀሩትን ቀናት በባዶዋ ትከርም ነበር።

የሌሊት ተረኛ ነርስ

እኅቴ ባለችው ላይ ልጨምር። ይህ ነጭ መርፌ የሚሰጠው ጡንቻ ውስጥ ብቻ ነው፤ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሊገድል ይችላል። ከተበጠበጠ በኋላ ከቆየም መርፌውን ይደፍናል፤ ስለዚህ ሳይዘገይ ይሰጣል። በባልደረባዬ አልፈርድም፤ ሰልፉን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ሁለት ቃል ብታስረዳ ኖሮ ልጅቷ ሳትወጋ ባልተመለሰች።

የተገላቢጦሹም አለ። ከቆላ በከባድ ወባ ታሞ ለሚመጣ ሰው የምንሰጠው አርቴሱኔት ዱቄቱ አሲድ ነው፤ በውኃ ብቻ አይሟሟም። 60 ሚሊ ግራሙ ላይ አብሮት የመጣውን 1 ሚሊ ሊትር የሶዲየም ባይካርቦኔት ፈሳሽ እንጨምራለን። መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ እየጠራ ይሄዳል። ጨው የሚሆነው እዚያው እጃችን ላይ ነው። ያ ካልጠራ ግን እንጥለዋለን እንጂ አንሰጥም። እርስዎ የፈሩት ፍርሃት ለዚህኛው መድኃኒት ልክ ነበር።

የቀለም ክፍሉ (ኮምቦልቻ)

አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ተወግታለች። ትንሽ አነከሰች፤ አሁን ከታናሿ ጋር እየተጫወተች ነው። ለነርሷም የነገራችሁኝን ነገርኋት፤ አልተቀየመችኝም። እኛም እኮ ቀለሙን ካሟሟን በኋላ ጨው የምንጨምርበት ከውኃው ወጥቶ ጨርቁን እንዲይዝ ነው፤ ጨው መሟሟትን እንደሚቀንስ በእጄ እያወቅሁት አላገናኘሁትም። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የሚቀጥለውን ቀን የምቆጥረው ካመለጣት ቀጠሮ ነው ወይስ ከዛሬ?

ፋርማሲስቷ (ደሴ)

ከዛሬ ይቁጠሩ፤ 28ኛውን ቀን እንዳያሳልፉት። ሐኪሟ በ3 ሳምንት ካላት ደግሞ 21ኛውን።