ስፌት ቤታችን ጨለመብን፤ ምን ዓይነት መብራት ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ስድስት ሠራተኞች ያሉት ስፌት ቤት አለኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርምና የሥራ ቱታ እንሰፋለን።

የከተማችንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ነፋሱን ፈርተን መስኮቶቹን በላስቲክ ሸፍነናል። ክረምት ጉሙ ሲወርድማ በቀትርም ይጨልማል። ጣሪያው ላይ ሁለት ረጃጅም ኒዮኖች አሉ፤ አንዱ ይርገበገባል። መብራቱ ከጀርባ ስለሚመጣ ሁሉም የሚሰፋው በራሱ ጥላ ላይ ነው።

ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ በጥቁር ሰማያዊ ክር ሲሰፋ ነው ጉዱ። አንዷ ሠራተኛዬ ከሰዓት በኋላ ግንባሯን ይዛ ትቀመጣለች፤ ዓይኗ እንባ ያፈሳል። መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ተቆጣኋት። ከዚያ እኔው ሦስት ቀን በእሷ ወንበር ተቀምጬ ስሰፋ ራሴን አመመኝ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ግን ይቅርታ ብርሃን አይሆንም።

በአውሮፓ መስፈርት ለቢሮ ጽሕፈት 500፣ ለስፌት 750 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) እንደሚፈለግ አንብቤያለሁ። በስልኬ ስለካው የእኛ 140 ነው፤ የስልክ ልኬት ልክ ባይሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው።

እባካችሁ የሠራችሁበት ምከሩኝ። ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱ ኤልኢዲ መብራት ይሻላል ወይስ ጣሪያው ላይ ልጨምር? የብርሃኑ ቀለምስ 4,000 ኬልቪን ይሁን ወይስ ነጣ ያለው 6,500? ከጣሪያው ጥቂት ቆርቆሮ አንስቼ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ባደርግስ፣ ብርዱን እንዴት እከላከላለሁ? ቤቱ ኪራይ ነው፤ ገንዘቤም ከእነዚህ ለአንዱ ብቻ ይበቃል።