የእኛን የሚመስል ስም ይዞ ሌላ የገንዘብ ድርጅት ተከፈተ፤ ምን ማድረግ እንችላለን?

ጠያቂ (ሰንጋ ተራ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የብድርና ቁጠባ ተቋም ውስጥ እሠራለሁ። ስማችን የአንድ ተራራ ስም ሲሆን በንግድ መዝገብ ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ጥቅምት በሞባይል ገንዘብ የሚያስተላልፍ ሌላ ድርጅት ያንኑ ስም ይዞ ሥራ ጀመረ፤ ልዩነቱ እኛ በሀሌታው «ሀ» የምንጽፈውን እነርሱ በሐመሩ «ሐ» መጻፋቸውና መጨረሻው ላይ «ፔይ» የሚል ቃል መጨመራቸው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የላኩት ገንዘብ ያልደረሰላቸው ሰዎች ወደ እኛ መስኮት ይመጣሉ። በቀደም አንዲት እናት ለልጃቸው የላኩት 3,000 ብር የት እንደገባ አጥተው፣ ስልካቸውን እያሳዩኝ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ብለው ሲያለቅሱ የምመልሰው አጣሁ። ስሙን ቀድመን ያስመዘገብነው እኛ ስለሆንን እንዲለቁት ማስገደድ እንችላለን?

ጠበቃ (ልደታ)፦ የንግድ ስምና የንግድ ምልክት አንድ አይደሉም፤ ብዙ ድርጅቶች የሚጎዱት ይህን ባለመለየታቸው ነው። የንግድ ስም ነጋዴው በንግድ መዝገብ የሚታወቅበት ሲሆን፣ የንግድ ምልክት ግን አገልግሎቱን ከሌላው አገልግሎት የሚለይና በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚመዘገብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ የምስክር ወረቀት ስለሆነ፣ ስድስት ዓመት የቆየው የንግድ ስም ብቻውን የምልክት ባለቤት አያደርጋችሁም። ስለዚህ ሳትውሉ ሳታድሩ ለገንዘብ አገልግሎት በተመደበው በ36ኛው ምድብ አመልክቱ፤ የሞባይል መተግበሪያ ካላችሁ 9ኛውንም ጨምሩ። እነርሱም አመልክተው እንደሆነ ጠይቁ፤ ባለሥልጣኑ ምልክት ከመመዝገቡ በፊት ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ስለሚያወጣ፣ በዚያን ጊዜ መቃወም ከተመዘገበ በኋላ ለማሰረዝ ከመሟገት በእጅጉ ይቀላል።

ምዝገባው እስኪጠናቀቅ ግን ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። የንግድ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 980/2008 አሳሳች በሆነ ሁኔታ የሚቀራረቡ የንግድ ስሞች እንዳይመዘገቡ ይከለክላል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ የሌላውን ነጋዴ አገልግሎት በተመለከተ ሰውን የሚያደናግር ድርጊት ተገቢ ያልሆነ ውድድር ነው ይላል። ለዚህ ክርክር ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ መስኮታችሁ ላይ የቆሙት ሰዎች ናቸው። የመጡበትን ቀን፣ የተናገሩትንና የደረሰኛቸውን ኮፒ በፈቃዳቸው ያዙ፤ የዚያች እናት ደረሰኝ ከአሥር ገጽ አቤቱታ ይበልጣል።

አባል (ሜክሲኮ)፦ እኔ በዚህ አልስማማም፤ ተራራ የሁሉም ነው። ዳሸን ባንክም አለ፣ ዳሸን ቢራም አለ፤ አንዱ ሌላውን ስሙን ልቀቅ ሲል አልሰማሁም።

የንግድ ምልክት ወኪል (ፒያሳ)፦ ወንድሜ፣ ምሳሌው ትክክል ቢሆንም የሚያስረዳው ተቃራኒውን ነው። ቢራ በ32ኛው፣ ባንክ በ36ኛው ምድብ ስለሚመዘገቡ፣ ቢራ የገዛ ሰው ከባንኩ የገዛ አይመስለውም። የጠያቂው ድርጅትና ባለ «ፔይ»ው ግን የሁለቱም ሥራ ገንዘብ ነው። «ማይክሮፋይናንስ» እና «ፔይ» የአገልግሎቱን ዓይነት የሚነግሩ ቃላት እንጂ አንዱን ድርጅት ከሌላው የሚለዩ ስላልሆኑ፣ ደንበኛው ይዞት የሚሄደው የተራራውን ስም ነው። የፊደሉም ልዩነት ቢሆን አይረዳቸውም፤ ስሙን በሬዲዮ ለሚሰማ ሰው «ሀ» እና «ሐ» አንድ ድምፅ ናቸው። ከክስ በፊት ግን በጠበቃ በኩል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላኩ፤ ግልባጩንም ለብሔራዊ ባንክ አድርሱ፣ የክፍያ አገልግሎት ፈቃድ የሚሰጠው እርሱ ነውና። ምልክቱ ሲመዘገብላችሁም ጥበቃው የሚቆየው ለ7 ዓመት ስለሆነ ማሳደሱን አትርሱ።

ጠያቂ (ሰንጋ ተራ)፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ለሥራ አስኪያጃችን አሳይቼ፣ ማመልከቻውን እንድናዘጋጅ ተስማምተናል። መስኮቱ ላይም መዝገብ ከፍተናል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የገባው የእናታችን ደረሰኝ ነው፤ ወደ ትክክለኛው ድርጅት ቢሮ ራሴ ይዣቸው ሄጄ ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል።