ነገ ልንፈርም ነው፤ ሻጩ የሚሸጠው በውክልና ነው፤ ፋይሉን ማየት አልቻልንም

ቤት ፈላጊዋ
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ነገ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ውልና ማስረጃ ቀጠሮ አለን። ቤቱ አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው። የቤቱ ባለቤት ውጭ አገር ስለምትኖር የሚሸጥልን ወንድሟ ነው፤ ውክልና አለው፣ ዋናው ካርታም በእጁ ነው። ዛሬ የቤቱን ፋይል ለማየት ክፍለ ከተማ ብንሄድ «ሲስተም የለም» ተብለን ተመለስን። አሁን ደግሞ ሻጩ ደውሎ «ሌላ ገዢ መጥቷል፤ ዛሬ ማታ 500 ሺህ ብር ቀብድ ካልሰጣችሁኝ ለእሱ እሸጣለሁ» አለን። ባለቤቴ እንስጠው ይላል፤ እኔ ፈርቻለሁ። ብንሰጥ ምን ችግር አለው?

የመገናኛው
ፋይሉን ሳታዩ አንድ ብር አትስጡ።

ጋሽ ታዛቢ
ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እናንተ የምትገዙት ቤቱንና በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ) የሚለው ነው። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ዕዳ አለበት ወይ? ነባር ከሆነ ደግሞ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። ሰው ይህንን ሳያውቅ ነው ጥሪቱን የሚያፈስሰው።

የሰፈር ልጅ
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን እህታችን ያለባት የዛሬ ማታ ጭንቅ ነው። ያ «ሌላ ገዢ» የሚሉት ሰው እኔም ቤት ስገዛ መጥቶ ነበር፤ እስካሁን ግን በዓይኔ አላየሁትም።

አባ መላ
ዋናው ካርታ በእጁ ከሆነ ምን ያስፈራል? ባንክ ቢያበድርበት ኖሮ ካርታውን ራሱ ባንኩ ይይዘው ነበር። ሰው ዝም ብሎ ያስፈራራል። ቀብዱን ስጡ፤ ጥሩ ቤት ያመልጣችኋል።

የመገናኛው
ፋይሉን ሳያዩ አይሆንም አልኩ እኮ።

ፀሐፊዋ
አባ መላ፣ እኔ የሕግ ጽሕፈት ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ካርታ በእጅ መያዙ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ፍርድ ቤት ቤት ሲያግድ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው የሚገባው ፋይሉ ውስጥ እንጂ ካርታው ላይ አይደለም። ባለቤቱ ዘንድ የተቀመጠው ካርታ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ፋይሉ ሲገለጥ ግን የወራሾች ክርክር ወይም የብድር ክስ ያስነሣው እግድ ተያይዞ ይገኛል። «ዋናው ጠፋኝ» ተብሎ ምትክ ካርታ የወጣበት ቤትም አለ፤ ያኔ በእጅ ያለው የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ከፋይሉ ነው። ለብድር ዋስትና የተመዘገበ መያዣ ካለ ደግሞ ቤቱን ተከትሎ ወደ ገዢው ይመጣል፤ አበዳሪው ከእናንተ እጅ ላይም ሊያስከብረው ይችላል።

እህቴ፣ አሁን አንቺ ንገሪን። ካርታው በማን ስም ነው? ሴትየዋ ባለትዳር ናት? ውክልናው መቼና የት ተሰጠ? «መሸጥ» እና «ገንዘብ መቀበል» የሚሉትን በግልጽ ይጠቅሳል?

ቤት ፈላጊዋ
ካርታው በእሷ ስም ነው። ባልና ልጆች አሏት፤ እዚያው ይኖራሉ። ውክልናው በ2010 ኤምባሲ የተሰጠ ነው። «ማናቸውንም ንብረቴን ያስተዳድርልኝ፣ ይከራከርልኝ» ይላል። መሸጥ የሚለውን አላየሁም።

ፀሐፊዋ
እንግዲያው ቀብድ መስጠቱ ይቅር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የማስተዳደር ሥራን ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል (አንቀጽ 2205)። በዚህ ወረቀት ነገ ውልና ማስረጃ ብትሄዱም የሚመልሷችሁ ይመስለኛል፤ ማታ የሰጣችሁት ብር ግን ወንድምየው ኪስ ገብቷል።

ሁለተኛው ባልየው ነው። በቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የጋራ ቤት ለመሸጥም የሁለቱ ስምምነት ይጠይቃል። ያልፈረመው ተጋቢ ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ቤቱ ከጋብቻ በፊት የተገኘ የግሏ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ወይም የባልየው ውክልና ይቅረብ።

አዲሱ ውክልና ኤምባሲ ተሰጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ፤ አለመሻሩን ውልና ማስረጃ ጠይቁ። ሴትየዋንም በስልክ ፊቷን እያያችሁ አነጋግሯት። ወካይ ከሞተ ውክልናው ይቀራል።

የሰፈር ልጅ
አቤት! 500 ሺህ ብር ተረፈ።

አባ መላ
እሺ፣ ውክልናው ላይ ተረትቻለሁ። ግን ቀብድ ቢሰጡና ሻጩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል አይደል?

ፀሐፊዋ
አዎ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ አንቀጽ 1885 እንዲያ ይላል፤ ገዢው ካፈረሰ ግን ቀብዱን ያጣል። ፋይሉ ነገ እግድ ቢገኝበትና እናንተ «አንገዛም» ብትሉ «አፈረሳችሁ» ሊላችሁ ነው። ለወደፊቱ ቀብድ የምትሰጡ ከሆነ «ዕዳ ወይም እግድ ከተገኘ፣ ወይም ውክልናው ተቀባይነት ካጣ ቀብዱ በሙሉ ይመለሳል» ብላችሁ አጽፉ፤ ብሩም በባንክ ወደ ባለቤትየዋ ሒሳብ ይግባ።

ጋሽ ታዛቢ
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ በተጨማሪ ቦታው በመልሶ ማልማት ወይም በመንገድ ፕላን ውስጥ አለመግባቱን ክፍለ ከተማው የፕላን ክፍል ጠይቁ፤ ሰሚትም ከዚህ አያመልጥም። ካርታው ላይ ያለውን ስፋትና ወሰን ይዛችሁ ግቢውን በሜትር ለኩ።

ቤት ፈላጊዋ
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ባለቤቴ መልሶ እየደወለለት ነው።

አዲስ ገቢ
እኔም በውክልና ልገዛ ነው፤ የእኔ ግን ኮንዶሚኒየም ነው። ሻጩ «ቤቱ እንዳይሸጥ የተከለከለበት 5 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ አሁን በእጅ ውል እንፈራረም፣ ሲሞላ ስም ይዛወራል» ይለኛል። የባንክ ዕዳውንም እኔ ልቀጥል ነው።

ፀሐፊዋ
ክልከላው ሳያበቃ በእጅ ውል ብር አትስጥ፤ በዚያ ውል ስም አይዛወርልህም፣ ዕዳውም የሚቆጠረው በሻጩ ስም ነው። አንተ ስትከፍልለት ኖረህ ሲሞላ «አልሸጥም» ቢል በእጅህ የሚቀረው ያልተመዘገበ ወረቀት ነው። ጥቂት ወራት ከሆነ ጠብቅ፤ ሲሞላ ከባንኩ የቀሪ ዕዳውን ደብዳቤ አስወጥቶ ይምጣ።