የደሞዝ ግብር፣ ቫትና ድጎማ ተደማምረው የገቢ ልዩነትን ያጠባሉ ወይስ ያሰፋሉ? በብር እንዴት ይሰላል?

ሚዛን (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ የምትሆን አንድ ገጽ ማብራሪያ እየተዘጋጀች ነው። ክርክሩ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «በአዋጅ 1395/2017 የተሻሻለው የደሞዝ ግብር ዝቅተኛውን ተከፋይ ነው የጠቀመው፣ ድጎማም አለ፣ ስለዚህ ልዩነቱ እየጠበበ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «መንግሥት በአንድ እጅ የሰጠውን በቫትና በነዳጅ በሌላ እጁ ይነሳል» ባይ ነው። ሁለቱም ወገን ቁጥር የለውም። ማሻሻያው ማንን በስንት ብር ጠቀመ? ቫት በእርግጥ ደሃው ላይ ነው የሚከብደው? ድጎማውስ ለማን ነው የሚደርሰው? ስሌቱን ከነአሠራሩ የምታሳዩን ካላችሁ እናመሰግናለን።

የደሞዝ መዝገብ፦
ከደሞዙ እንጀምር፣ ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው እሱ ነው። በድሮው ሠንጠረዥ (አዋጅ 979/2008) ከግብር ነጻ የነበረው በወር 600 ብር ብቻ ነው፤ አሁን 2,000 ሆኗል። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ተቀናሾቹ በቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ናቸው። ጠቅላላ ደሞዙን በእርከኑ መቶኛ አባዝታችሁ ተቀናሹን ትቀንሳላችሁ፣ በቃ። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ የሚነሳው ለብቻው ነው፤ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ሳይቀነስ በሙሉው ደሞዝ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

አሁን አወዳድሩ። የ2,000 ብር ተከፋይ ድሮ 157.50 ይከፍል ነበር፣ አሁን ምንም። የ5,000 ብር ተከፋይ ከ697.50 ወደ 500 ወርዶለታል። የ10,000ው ከ2,045 ወደ 1,650። የ20,000ው ከ5,500 ወደ 4,950። የ100,000ው ደግሞ ከ33,500 ወደ 32,950። ከ14,000 በላይ ያለው ሁሉ፣ ደሞዙ ስንትም ይሁን፣ ያገኘው እኩል 550 ብር ነው። በብር ካያችሁት ከፍተኛው ተከፋይ የበለጠ አገኘ፤ ከደሞዙ አንጻር ካያችሁት ግን 0.55 በመቶ ብቻ ነው፣ የ2,000 ብሩ ተከፋይ ያገኘው ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። በ100,000 እና በ2,000 ተከፋይ መካከል ያለው የተጣራ ልዩነት (ጡረታን ትተን) በድሮው 36 እጥፍ ነበር፣ በአዲሱ 33.5 እጥፍ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወገን በዚህ ነጥብ ልክ ነው።

ግን አንድ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ነጻው ጣሪያ ከ600 ወደ 2,000 ሲወጣ ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል። 35 በመቶ የሚጀምርበት ግን ከ10,900 ወደ 14,000 ብቻ ነው የሄደው፣ 28 በመቶ። በ2008 ዶላር 22 ብር ገደማ ሳለ 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ የዛሬው 14,000 ከ100 ዶላር ብዙም አይርቅም። መሰላሉ ከላይ ተቆርጧል ማለት ነው። መካከለኛው ባለሙያና የድርጅት ሥራ አስኪያጁ የመጨረሻው እርከን ላይ አብረው ቆመዋል። በእኔ እምነት የማሻሻያው ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው፤ ከላይ ባሉት መካከል ያለውን ልዩነት ግብሩ ብዙም አይነካውም።

አንድ የተለመደ ስጋትም አለ፦ «ደሞዝ ጨምሮ እርከን ማለፍ ያከስራል» የሚባለው። አያከስርም። በ14,000 ግብሩ 2,850 ነው፣ በ14,100 2,885። ከተጨመረው 100 ብር 35 ለግብር፣ 7 ለጡረታ ሄዶ 58 እጅ ላይ ይቀራል።

ደረሰኝ፦
ቫትን በተመለከተ «ደሃው ላይ ይከብዳል» ብሎ መደምደምም «አይከብድም» ማለትም ቸኮል ያለ ነው። መልሱ የሚወሰነው በምን ላይ አካፍላችሁ ነው።

በመጀመሪያ፣ ቫት ያለበት ዋጋ ውስጥ ያለው ታክስ 15 በመቶ አይደለም። 115 ብር ከከፈላችሁ 15ቱ ነው ታክሱ። ዋጋውን በ115 አካፍሎ በ15 ማባዛት ነው፣ 13 በመቶ ገደማ ይመጣል።

ለምሳሌ ሁለት ቤተሰብ ውሰዱ። አንዱ በወር 6,000 ብር ያገኛል፣ ሁሉንም ያወጣል። 3,600ው ቫት በሌለባቸው ነገሮች (እህል፣ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት) ይሄዳል፣ 2,400ው ቫት ባለባቸው። የከፈለው ቫት 313 ብር ነው። ሌላው 60,000 ያገኛል፣ 30,000 ያወጣል፣ ከዚያ 18,000ው ቫት ያለበት ነው። የከፈለው 2,348 ብር። ከገቢ አንጻር ደሃው 5.2 በመቶ፣ ሀብታሙ 3.9 በመቶ ከፈሉ፤ ደሃው ላይ ከበደ። ከወጪ አንጻር ግን ደሃው ያው 5.2፣ ሀብታሙ 7.8 በመቶ ናቸው፤ ተገለበጠ። ልዩነቱን ያመጣው ሀብታሙ የሚያስቀምጠው 30,000 ብር ነው። በማብራሪያው ላይ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ካልጻፋችሁ ሁለቱም ወገን እውነት ይዞ ሲጨቃጨቅ ይውላል።

የማይታየውን ቫት ግን አትርሱት። በአዋጅ 1341/2016 የመመዝገቢያው ጣሪያ በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ሽያጭ ነው። የሰፈር ሱቅ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ስለሆነ ቫት አይሰበስብም። ሳሙናውን ከጅምላ አከፋፋዩ ሲያመጣ ግን ቫት ከፍሎበታል፣ ማስመለስም አይችልም። ስለዚህ መሸጫ ዋጋው ውስጥ ይከተዋል። በደረሰኝ ብቻ የሚያሰላ ሰው ከሱቅ በችርቻሮ የሚገዛውን ቤተሰብ ቫት እንዳልከፈለ ይቆጥረዋል፤ ስህተት ነው።

ሚዛን (ጠያቂ)፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ የመካፈያው ነገር ክርክሩን ግማሽ ፈታልን። የነዳጁስ ነገር?

ታሪፍ፦
የነዳጅ ድጎማ ሁልጊዜ የሚከተለው ሊትሩን ነው። ብዙ ሊትር የሚቀዳ ብዙ ይደጎማል። ስሌቱን ለማየት መንግሥት በሊትር 20 ብር ይሸፍናል እንበል። በወር 120 ሊትር የሚቀዳ የቤት መኪና 2,400 ብር ተደጎመ። በሚኒባስ የሚሄደውስ? መኪናው በቀን 35 ሊትር ቢቀዳ ድጎማው 700 ብር ነው፤ 200 ሰው ቢያመላልስ ለአንድ ጉዞ 3.50 ይደርሳል። በቀን ሁለቴ፣ በወር 26 ቀን የሚሳፈር ሠራተኛ 182 ብር አገኘ። ያውም ረዳቱ በታሪፍ ካስከፈለው ነው።

በ2014 ክረምት ቤንዚን ከ36.87 ወደ 47.83 ብር ሲወጣ የጅምላውን ድጎማ ደረጃ በደረጃ አንስቶ ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ በቴሌብር መስጠት የተጀመረው ለዚህ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር። የተበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ድጎማው ለባለመኪናው እንጂ ለተሳፋሪው አልነበረም የተሰጠው፤ መንገድ እየቆራረጠ ሁለት ሒሳብ የሚቀበል ታክሲ ድጎማውን ኪሱ አስገባው። በርካሽ የቀዳውን በጄሪካን የሚሸጥም ነበር። ሁለተኛ፣ እህልና ሸቀጥ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና የሚሄደው በናፍታ ነው። የናፍታ ዋጋ ሲወጣ መኪና ረግጦ የማያውቀው የገጠር ሰው በጨውና በዘይት ዋጋ ይከፍለዋል።

በቀጥታ ወደ ደሃው የሚሄደው ሴፍቲኔት ነው። በገጠር ከ1997 ጀምሮ አለ፤ መሥራት የሚችል ቤተሰብ ለተመዘገበ ለእያንዳንዱ አባል በወር 5 ቀን በሕዝብ ሥራ እየተሰማራ በዓመት ለ6 ወር ይከፈለዋል፣ አቅመ ደካማው ሳይሠራ ይረዳል። እዚህ የሚጎዳው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ሰባት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ በመዝገብ ላይ አራት ሆኖ ሲሰፍር ክፍያው ለሰባት ይሸነሸናል። ጥሬ ገንዘቡ ከዘገየም እህል ከረከሰበት የመኸር ወቅት አልፎ በክረምቱ ውድ ገበያ ነው የሚያውሉት።

ደረሰኝ፦
ሁሉን ስታጋጥሙ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ የገበያ ገቢ (ከግብርና ከድጎማ በፊት ያለው)፣ ሲቀነስ የደሞዝ ግብር፣ ሲደመር ሴፍቲኔት፣ ሲቀነስ ቫትና ኤክሳይስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ)፣ ሲደመር የዋጋ ድጎማ፣ በመጨረሻ ትምህርትና ጤና መንግሥት ባወጣበት ዋጋ። በየእርከኑ ጂኒውን አስሉ (ጂኒ የገቢ ልዩነት መለኪያ ነው፤ 0 ማለት ሁሉም እኩል፣ 1 ማለት ሁሉም በአንድ ሰው እጅ)። ጡረታን ግብር ካደረጋችሁት ለሁሉም ቤተሰብ እንደዚያው አድርጉት።

በ2003 መረጃ ለኢትዮጵያ በዚህ መንገድ የተሠራ ጥናት ጂኒው ከ0.32 ወደ 0.30 ገደማ እንደወረደ አሳይቷል። ልዩነቱ ጠበበ። ነገር ግን ያው ጥናት ከ10 ቤተሰብ 1 ያህሉ ከከፈለውና ካገኘው ሒሳብ በኋላ ወደ ድህነት እንደገባ ወይም በድህነቱ እንደባሰበት አግኝቷል። ጂኒ እጅ ላይ የቀረውን ብር አይቆጥርም፣ የድርሻ መለኪያ ነው። እባካችሁ በማብራሪያው ላይ ከጂኒው ጎን አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ «ዝቅተኛው አምስተኛ (ድሃው 20 በመቶ) ከከፈለና ከተቀበለ በኋላ እጁ ላይ የቀረው ስንት ብር ነው?»