እርጉዝ ነኝ፣ ድመቷን አውጪ እያሉኝ ነው፤ እውነት አደጋ አለው?

የቡላ እናት (ጠያቂ)

ሰላም እንዴት ናቹ። የሶስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ቡላ የምትባል የሀበሻ ድመት አለችኝ፣ ከማግባቴ በፊት ጀምሮ አብራኝ ያለች ናት፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ነው የምትተኛው። ሰሞኑን አማቴ ሊጠይቁን መጥተው ድመቷን አልጋ ላይ ሲያዩ ክው አሉ፣ ጠጉሯ ሆድሽ ገብቶ ልጁን ይጎዳዋል ብለው ዘበኛው በማዳበሪያ ከቶ ራቅ ያለ ሰፈር ወስዶ እንዲጥላት ለባለቤቴ ነገሩት። እሱም በሳቸውና በኔ መሀል ግራ ገብቶታል። እኔ እማማን በጣም ነው የማከብራቸው፣ ለክፋት እንዳልሆነም አውቃለሁ፣ ግን ቡላን እንደዛ ማድረግ አልችልም። ከዛ ደግሞ ራሴ ጎግል ሳደርግ ቶክሶ የሚባል በሽታ አየሁ፣ ውርጃ ምናምን ይላል፣ አሁን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ነገሩ እንዲገባቹ፦ ቡላ የምትበላው የኛን ትራፊና ከሉካንዳ የሚገዛ ሳንባ ነው፣ ሳንባውን ጥሬውን ነው የምሰጣት። አይጥም ትይዛለች። የምትፀዳዳው በረንዳ ላይ አሸዋ ያለበት ሳፋ ውስጥ ነው፣ በሁለት በሶስት ቀን እኔ ነኝ የማፀዳው። ምን ላድርግ? እሷን ነው የማስመረምረው ወይስ እኔ ነኝ የምመረመረው? የምታውቁ እባካቹ ቶሎ መልሱልኝ።

የጉርድ ሾላዋ

የኔ እህት መጀመሪያ ተረጋጊ። እኔ ሁለቱንም ልጆቼን ድመት ቤት ውስጥ እያለች ነው የወለድኩት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። በኔም ጊዜ እንዲሁ ነበር የተባለው፣ ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆኖብኝ። ለዶክተሬ ስነግረው ድመቷን አታውጪ፣ አሸዋውን ግን አንቺ አትንኪ፣ ባልሽ ያፅዳ አለኝ፣ በቃ እንደዛ አደረግን። በማዳበሪያ መጣል የሚባለውን ግን በምንም አትቀበዪ፣ ቤት ያደገች ድመት የማታውቀው ሰፈር ብትጣል ወይ ውሻ ይበላታል ወይ መኪና።

አዋላጅ ነርስ

ውዴ እንኳን ደስ ያለሽ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልፃፍልሽ ምክንያቱም ክትትል ላይ ብዙ እናቶች ይሄንኑ እየፈሩ ይመጣሉ፣ የሚፈሩት ነገርና የሚያደርጉት ነገር ደግሞ አይገጥምም።

ጠጉር ፅንስ አይጎዳም፣ ወደ ሆድም አይሄድም። ቶክሶ ግን እውነት ነው፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ነው። አደጋ የሚሆነው እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ስትያዝ ነው። ከዛ በፊት ይዟት ካለፈ ሰውነቷ ስለለመደው አብዛኛውን ጊዜ ፅንሱ ይጠበቃል (የሰውነት መከላከያ አቅም የሚቀንስ ህመም ካለ ግን ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል)። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ፅንሱ የመተላለፍ እድሉ አነስተኛ ነው ከተላለፈ ግን ጉዳቱ ይከብዳል፣ ውርጃ ሊያመጣ፣ የልጁን አንጎልና ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ወደ መጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ መተላለፉ ይጨምራል ጉዳቱ ይቀላል። አብዛኛው ሰው ሲይዘው ምንም አይታወቀውም፣ ወይ ጉንፋን መሳይ ነገር ሆኖ ያልፋል፣ ስለዚህ አሞኝ አያውቅም ብሎ መዝናናት አይሆንም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። አገራችን ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ ድመቷ አይደለችም፣ ጥሬ ሥጋው ነው። ተውሳኩ በእንስሳው ሥጋ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ በተለይ በግና ፍየል ላይ በብዛት ይገኛል፣ የበሬ ሥጋም ነፃ ነው ማለት አይቻልም። እና እርጉዝ ናት አምሯት ይሆናል እየተባለ ቁርጥ ይቀርብላታል፣ ክትፎ ይታዘዝላታል። ለብለብ ቢሆንስ ትይኛለሽ፣ ለብለብም አይሆንም፣ ውስጡ ቀይነቱ እስኪጠፋ ይብሰል። ጥሬ ሥጋ የከተፍሽበትን ቢላና መክተፊያ ሳታጥቢ ሰላጣ እንዳትከትፊበት። ሰላጣና ቲማቲም በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ ጓሮ አትክልት የምትነኪ ከሆነ ጓንት አድርጊ፣ ያልፈላ ወተትም ይቅርብሽ።

ስለ ምርመራው፦ በመደበኛ ክትትል የሚሰራልሽ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ የደም አይነት፣ የደም ማነስ ምናምን ነው። ቶክሶ ራስሽ ጠይቀሽ የሚሰራ ነው። አይጂጂ እና አይጂኤም የሚባሉ፣ ሰውነት ተውሳኩን ለመከላከል የሚሠራቸው ሁለት ነገሮች በደም ይታያሉ (አይጂኤም መጀመሪያ የሚመጣ፣ አይጂጂ ደግሞ ካለፈም በኋላ የሚቀር ነው)፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ አሰሪ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ለሐኪምሽ አሳዪ። ብቻሽን አንብበሽ እንዳትደነግጪ።

ወንድም ከአየር ጤና

እኔ ግን ሁላቹም አማትየዋን ጥፋተኛ አታድርጉ። የኔ እህት ድመት ስትጠጋ አስሟ ይነሳል፣ ሐኪም ራሱ አርቂ ብሏታል። ትልቅ ሰው የሚለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ለጊዜው ዘመድ ጋ ወስዳ ብታስቀምጣት ምን ችግር አለው፣ ስትወልድ ትመልሳታለች።

አዋላጅ ነርስ

ወንድሜ ልክ ነህ፣ አስምና አለርጂ ላለበት ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፣ አለርጂው የሚመጣው ከድመቷ ምራቅና ቆዳ ሲሆን በጠጉሯ ይበተናል። ጠያቂዋ ግን አስም አለኝ አላለችም። ዘመድ ጋ ማቆየቱም ቢሆን ካስፈለገ ጥሩ ሀሳብ ነው፣ በማዳበሪያ ከመጣል በስንት ጣዕሙ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ

እህቴ፣ ስለ እናትየው ነርሷ ጨርሳዋለች፣ እኔ ስለ ቡላ ልናገር።

ድመት ይህን ተውሳክ የምታገኘው አይጥና ወፍ አድና ስትበላ ወይም ጥሬ ሥጋ ሲሰጣት ነው። እና በመጀመሪያ በተያዘችበት ጊዜ ብቻ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በዓይነ ምድሯ እንቁላሉን ታወጣለች፣ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ ደግማ አታወጣም። ስለዚህ ይበልጥ የሚያሰጋው ማደን የጀመረ ግልገል ድመት ነው እንጂ እንደ ቡላ ዓመታት የቆየች አሮጊት አዳኝ አይደለችም፣ እሷ ምናልባት ዱሮ ይዟት አልፏል። አታስመርምሪያት፣ ገንዘብሽን ለራስሽ ምርመራ አድርጊው። የደም ምርመራዋ ነፃ ናት ቢል ነገ አይጥ ይዛ ልትያዝ ትችላለች፣ ይዟታል ቢል ደግሞ ያለፈ ነው ማለት ነው፣ በሁለቱም መንገድ የምታደርጊው ጥንቃቄ አይቀየርም።

ትልቁ ነገር አሸዋው ነው። እንቁላሉ ከድመቷ እንደወጣ ወዲያው ሰው አይዝም፣ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። አንቺ በሁለት በሦስት ቀን አፀዳለሁ ያልሽው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ችግሩ። በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በጣም ይወርዳል። ባለቤትሽ ማታ ከሥራ ሲመለስ ይጥረገው፣ በፌስታል አስሮ ይጣለው፣ ጓሮ አይቅበረው ምክንያቱም እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሳፋውን በበረኪና አጥቤዋለሁ ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ በረኪና ይህን እንቁላል አይገድለውም፣ የሚገድለው የፈላ ውሃ ነው። አሸዋውን ደፍታችሁ የፈላ ውሃ ሳፋው ላይ አፍሱበትና ትንሽ ይቆይ። የግድ አንቺ የምታፀጂበት ቀን ከመጣ ጓንት አድርጊ፣ ከዚያ እጅሽን በሳሙና በደንብ ታጠቢ።

ሳንባውን ቀቅይው። ጥሬ ሳንባ ለድመት ልማድ ሆኖ ነው እንጂ አስፈላጊ አይደለም፣ ከቶክሶም ሌላ የትል እጭ ይኖርበታል። ደግሞ ሳንባ ብቻ ምግብ አይሆናትም፣ የተቀቀለ ጉበት በሳምንት አንዴ ሁለቴ፣ ዓሣ፣ የዶሮ ሥጋ እየቀላቀልሽ ስጫት፣ ጨውና ቅመም ያለበት ወጥ ግን ተዪው። ሽንኩርት ለድመት ደም መርዝ ነው፣ የኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው ዋናው። በተቻለ መጠን በተለይ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ትቆይ፣ አደኑ ይቀንሳል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች? ይህን ሳልጠይቅ አላልፍም። ከሦስት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ። ድመትም ይይዛታል፣ ሰውም ትነክሳለች። አንቺን የማታውቂው ድመት ቢነክስሽ ወይ ቢቧጭርሽ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥበሽ ወዲያው ጤና ተቋም ሂጂ፣ እርግዝና ክትባቱን አይከለክልም። የትል መድኃኒቷንም በየሦስት ወሩ ስጫት፣ ቁንጫ ካላት ግን ለውሻ የተሠራውን መድኃኒት በፍጹም እንዳትቀቢያት፣ ለውሻ ምንም የማይለው ለድመት ገዳይ የሆነ አለ። ፓራሲታሞልም እንዲሁ፣ ግማሽ ክኒን እንኳ ሊገድላት ይችላል።

ከዱባይ

ሰላም፣ እኔ ፐርሺያን ነው ያለኝ ነፍሰ ጡርም ነበርኩ። ብዙ ሰው ፐርሺያን ጠጉሯ ስለሚበዛ የባሰ ነው ይለኛል፣ ሐኪሙን ስጠይቀው ዘሩ ለውጥ የለውም ነው ያለኝ፣ ለውጥ ያለው አኗኗሯ ነው። የኔ ከአፓርታማ ወጥታ አታውቅም፣ የምትበላው ደረቅ ምግብና የታሸገ ነው፣ አይጥ በዓይኗ አላየችም፣ ስለዚህ ከምን ይይዛታል። የፐርሺያን ጣጣ ሌላ ነው፣ አፍንጫዋ ጠፍጣፋ ስለሆነ ዓይኗ ያለቅሳል፣ በለስላሳ ጨርቅ በየቀኑ እጠርግላታለሁ፣ ጠጉሯን በየቀኑ ካላበጠርኩት ይቋጠራል። እነዛን ያለ ችግር ስሰራ ነበር፣ አሸዋዋን ብቻ ነው ለባለቤቴ የተውኩት።

የቡላ እናት (ጠያቂ)

ሁላቹንም እግዜር ይስጥልኝ። ተመርምሬ መጣሁ፣ አይጂጂ ፖዘቲቭ አይጂኤም ኔጌቲቭ ይላል። ፖዘቲቭ የሚለውን ሳይ እዛው ላብራቶሪው በር ላይ እግሬ ከዳኝ፣ ዶክተሯ ግን የቆየ ነው አትጨነቂ አለችኝ። ልክ ናት አይደል? ባለቤቴ አሸዋውን ማታ ማታ እየጠረገ ነው፣ ሳንባውንም መቀቀል ጀምሬያለሁ። እማማ ግን አሁንም ቅር ብሏቸዋል፣ ልጁ ሲወለድ ፊቱ ላይ ተኝታ ታፍነዋለች ይላሉ። ለዚህስ ምን ልመልስ?

አዋላጅ ነርስ

ተመስገን! አዎ ልክ ናት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ ሲሆን ከእርግዝናሽ በፊት ይዞሽ ያለፈ ነው ማለት ነው፣ ልጅሽም የተጠበቀ ነው። አይጂኤሙ ፖዘቲቭ ቢሆን ኖሮ እንኳ ብቻውን አዲስ ነው አያሰኝም፣ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ተጨማሪ ምርመራ ነበር የሚታዘዝልሽ። ጥሬ ሥጋውን ግን አሁንም ተዪው፣ የኮሶ ትልም አለ። እና አንድ ነገር ልምከርሽ፣ በሚቀጥለው ክትትል እማማን ይዘሻቸው ሂጂ። ከዶክተሯ አፍ ሲሰሙት ሌላ ነው፣ የተናቁም አይመስላቸውም።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ

እማማ የፈሩት ነገር ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ድመት ሆን ብላ ልጅ አታፍንም፣ ሙቀት ትወዳለችና አራስ ልጅ አጠገብ መጠጋት ግን ትፈልጋለች፣ አራስ ደግሞ ራሱን ማዞር አይችልም። ስለዚህ ልጁ በተኛበት ክፍል ብቻዋን አትግባ፣ በሩ ይዘጋ። ይህን ሳትወልጂ ከአሁኑ አስለምጃት፣ አልጋሽ ላይ መተኛቷንም ቀስ በቀስ አቁሚያት፣ ሳሎን ጥግ ካርቶን ውስጥ የድሮ ጋቢ አድርጊላት። ልጁ መጥቶ በአንድ ቀን ከተባረረች ትጨነቅና ከሳፋዋ ውጪ መሽናት ትጀምራለች። ከሆስፒታል ስትመለሺ ልጁ የተጠቀለለበትን ጨርቅ መጀመሪያ አስሸትቻት። ካላመከንሻት ደግሞ ከመውለድሽ በፊት አስመክኛት፣ አራስ ቤት ውስጥ አራትና አምስት ግልገል ከተጨመረ አሸዋውን በየቀኑ የሚጠርግ ሰው አይገኝም።

የጉርድ ሾላዋ

የማምከኑን ነገር እኔም እደግፋለሁ። ባለቤትሽ ነው ይዟት የሚሄደው እሺ፣ አንቺ ከባድ ነገር አትሸከሚ፣ በቅርጫት ውስጥ ጨርቅ አልብሶ ይውሰዳት ካልሆነ ታክሲ ውስጥ ትፈራለች። ከቀኑ በፊት በነበረው ሌሊት ምግብ እንዳትሰጫት፣ ስንት ሰዓት ላይ ማቆም እንዳለብሽ ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂያቸው።